የለንደንን የጡብ ግድግዳ ማንበብ፦ የአንድን ሕንፃ ዘመን ከግድግዳው የመለየት ዘዴ

በለንደን የሚኖር ወይም ለጥቂት ቀናት የሚያልፍ ሰው በየዕለቱ እጅግ ብዙ የጡብ ቤቶችን እያየ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሁሉም የድሮ ቤት ከመባል አያልፉም። ጥቂት ነገሮችን በቅደም ተከተል ማየት የለመደ ሰው ግን አንድ ግድግዳ ፊት ቆሞ ሕንፃው በየትኛው ሃምሳ ዓመት ውስጥ እንደ ተሠራ፣ አንዳንዴም ከየትኛው ዓመት በፊት ወይም በኋላ እንደ ቆመ ሊገምት ይችላል። ይህ የሚቻለው የለንደን የጡብ አሠራር በባለቤቶችና በአርክቴክቶች ምርጫ ብቻ የተለወጠ ባለመሆኑ ነው። ከምርጫው አስቀድሞ እሳት፣ ሕግ፣ ግብርና መጓጓዣ ይመጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ በታሪክ የታወቀ ቀን አላቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ ስለ ውበት ከመናገሩ በፊት፣ ግንበኛው እንዲህ እንዲሠራ ያስገደደው ምን እንደ ነበረ ለመጠየቅ ይሞክራል።

ለሥራው የሚያስፈልገው ሜትርና ካሜራ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ብርሃን ከጎን የሚያርፍበትን የጠዋት ወይም የማምሻ ሰዓት ይምረጡ፤ የጡቡ ገጽና በጡቦች መካከል ያለው መጋጠሚያ የሚነበበው ያን ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አደራደሩን ይመልከቱ

አንድ ጡብ ከውጭ ሲታይ ወይ ረጅሙ ጎኑ ወይ አጭሩ ጫፉ ነው የሚታየው። ጎኑ ከታየ ጡቡ በግድግዳው ርዝመት ተጋድሟል፤ ጫፉ ከታየ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከኋላው ያለውን ረድፍ ይዟል ማለት ነው። በመሆኑም የጎንና የጫፍ አደራደር ከጌጥነቱ ይልቅ ግድግዳው በውስጡ ምን ዓይነት እንደ ሆነ የሚናገር ምልክት ነው።

በለንደን ደጋግመው የሚያገኟቸው አደራደሮች ሦስት ናቸው። በእንግሊዝ አደራደር አንዱ ረድፍ በሙሉ ጎን፣ ከበላዩ ያለው ረድፍ በሙሉ ጫፍ ይሆናል። በፍሌሚሽ አደራደር በአንዱ ረድፍ ውስጥ ጎንና ጫፍ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። በሦስተኛው አደራደር ጫፍ ፈጽሞ አይታይም፤ ረድፉ ሁሉ ጎን ነው።

የእንግሊዝ አደራደር እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ገዢ ነበር። በከተማዋ ምዕራብ የሚገኘው የኪው ቤተ መንግሥት በ1631 የተሠራ ሲሆን፣ ፍሌሚሹን አደራደር ቀድመው ካሳዩት ሕንፃዎች አንዱ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የመኖሪያ ቤቶች ፊት በአብዛኛው በፍሌሚሽ አደራደር ይሠራ ነበር። ይሁን እንጂ የባቡር ድልድዮች፣ መጋዘኖችና የፋብሪካ ግድግዳዎች ጥንካሬ ይፈለግባቸው ስለ ነበር የእንግሊዙን አልተዉም፤ ስለዚህ የእንግሊዝ አደራደር ያለበትን ሁሉ ጥንታዊ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ሦስተኛው፣ ማለትም ጎን ብቻ የሚታይበት ግድግዳ፣ ባብዛኛው ከ1920ዎቹ ወዲህ የተሠራ ነው፤ ምክንያቱም በዚያን ዘመን መካከሉ ክፍት የሆነ ድርብ ግድግዳ ተለምዶ፣ የውጪው ንጣፍ የአንድ ጡብ ስፋት ብቻ እንዲኖረው ተደርጓል። ወደ ውስጥ የሚዘልቅበት ቦታ ስለሌለ ጫፍ ማሳየት አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ረድፎቹን ይለኩ

አንድን ጡብ ብቻ መለካት ያሳስታል፤ በእጅ የተሠራ ጡብ አንዱ ከሌላው ይለያያልና። ከአንድ ጡብ የታች ጠርዝ ተነሥተው አራት ረድፍ ወደ ላይ ይቁጠሩና እስከ አምስተኛው ጡብ የታች ጠርዝ ድረስ ይለኩ፤ የሚያገኙት የአራት ጡብና የአራት መጋጠሚያ ድምር ነው። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጡብ ቀጭን ስለሆነ ድምሩ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይውላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጡቡ ትንሽ ወፍሮ ድምሩ ወደ 28 ይጠጋል፤ በ19ኛው መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ደግሞ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ዛሬ የሚሸጠው ጡብ ርዝመቱ 215፣ ስፋቱ 102.5፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከ10 ሚሊ ሜትር መጋጠሚያ ጋር አራቱ ረድፍ ልክ 300 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በዚህና በቀድሞው ኢንች ጡብ መካከል ያለው ልዩነት በአራት ረድፍ ስለማይታወቅ ሃያ ረድፍ ይለኩ፤ ያን ጊዜ የሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ልዩነት ይወጣል። ግድግዳው 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ልክ ከገጠመ ከ1970ዎቹ ወዲህ የተሠራ ወይም የተጠገነ መሆኑን በሙሉ ልብ መናገር ይቻላል።

ከ1666ቱ የለንደን እሳት በፊት የነበረው

በለንደን ታወር አቅራቢያ በታወር ሂል የቆመው የሮማውያን ቅጥር በአብዛኛው ድንጋይ ነው፤ በየተወሰነው ከፍታ ግን ሰፋፊና ቀጫጭን ቀይ ጡቦች እንደ መቀነት ተዘርግተውበታል። ሮማውያን ከሄዱ በኋላ ጡብ የመሥራት ሙያ በእንግሊዝ ለዘመናት ተዳክሞ ቆየ፤ ተመልሶ የገባውም ከባሕር ማዶ፣ ከፍላንደርስና ከአካባቢው ጋር በነበረው ግንኙነት ነው። የዚህን ሁለተኛ ዘመን ጡብ ለማየት በቴምዝ ወንዝ ዳር ወዳለው ወደ ላምቤዝ ቤተ ጳጳስ በር ይሂዱ። የሞርተን ግንብ ተብሎ የሚጠራው ይህ በር በ1490ዎቹ የተሠራ ነው። በ1515 የተጀመረው የሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ጥንታዊ ክፍልም የዚሁ ዘመን ነው። በዚህ ዘመን ግድግዳ ላይ ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ፦ ጡቡ ቀይ፣ ቀጭንና ያልተስተካከለ ነው፤ መጋጠሚያው ወፍራም የኖራ ነው፤ ደግሞም በእቶኑ ውስጥ ለእሳቱ ቀርበው ጠቁረው የወጡት ጡቦች ሳይጣሉ ጫፋቸው ወደ ውጭ ሆኖ በሰያፍ መስመር ተደርድረው የአልማዝ ቅርጽ ይሠራሉ። ከማቃጠል ጉድለት ጌጥ ማውጣት የዚያ ዘመን ግንበኞች ብልኃት ነበር።

በዚያን ጊዜ ግን ጡብ የንጉሥ፣ የጳጳስና የባለጸጋ ነው። ተራው ለንደናዊ የሚኖረው በእንጨት ማገር በቆመ፣ ፎቁ ወደ መንገዱ በገፋ ቤት ነበር።

መስኮቱ የሕግ ምልክት ነው

በመስከረም 1666 በፑዲንግ ሌን ከሚገኝ ዳቦ ቤት የተነሣው እሳት በአራት ቀን ውስጥ ወደ 13,200 የሚጠጉ ቤቶችን አወደመ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የመልሶ ግንባታ ሕግ በከተማዋ ክልል የሚሠራ ቤት ሁሉ የውጪ ግድግዳው ጡብ ወይም ድንጋይ እንዲሆን አስገደደ፤ ቤቶችንም እንደሚቆሙበት መንገድ ስፋት በአራት ደረጃ ከፍሎ ለእያንዳንዱ የፎቅ ብዛትና የግድግዳ ውፍረት ደነገገ። የለንደን ቤቶች ተመሳስለውና ተሰልፈው መቆማቸው መነሻው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከጨዋነትና ከሥርዓት ወዳድነት የመጣ አይደለም።

ለአንባቢ ከሁሉ የሚጠቅሙት ግን ከዚያ በኋላ የተከታተሉት ሦስት ሕጎች ናቸው። በ1707 የወጣው ሕግ ከጣሪያው ሥር ወደ መንገድ የሚወጣውን የእንጨት ኮርኒስ ከለከለ፤ በቦታው የጡብ ግድግዳው ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ከፍ ብሎ ጣሪያውን እንዲሸፍን ተደረገ። በ1709 የወጣው ደግሞ የመስኮት መቃን ከግድግዳው ገጽ ቢያንስ አራት ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እንዲገባ አዘዘ። የ1774 ሕግ ይህን አጠንክሮ የመስኮቱ የእንጨት ሣጥን ራሱ ከጡቡ ኋላ እንዲደበቅ አደረገ። የሦስቱም ዓላማ አንድ ነው፦ በመንገዱ በኩል እሳት የሚይዘውን እንጨት መቀነስ።

ስለዚህ አንድ ቤት ፊት ሲቆሙ ወደ ጎን ፈቀቅ ይበሉና መስኮቱን በሰያፍ ይመልከቱ። ወፍራሙ ነጭ የእንጨት መቃን ከጡቡ ገጽ ጋር እኩል ከሆነ ቤቱ ከ1709 በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። መቃኑ በሙሉ እየታየ ወደ ውስጥ ከገባ በመካከሉ ባሉት ስድሳ አምስት ዓመታት ውስጥ ነዎት። ቀጭን የእንጨት መስመር ብቻ ከጡቡ ጀርባ ብቅ ካለ ከ1774 በኋላ ያለ ቤት ነው። ለማነጻጸር የሚመቹት በ1704 እና በ1705 አካባቢ የተሠሩት የኩዊን አንስ ጌት ቤቶችና ከ1775 እስከ 1783 የተገነባው ቤድፎርድ ስኩዌር ናቸው፤ በአንድ ከሰዓት በእግር ሁለቱንም አይቶ መመለስ ይቻላል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ በንግሥት አን ዘመን የወጡት የ1707 እና የ1709 ሕጎች የሚሠሩት በለንደንና በዌስትሚኒስተር ከተሞችና በአቅራቢያቸው ስለ ነበር፣ ያን ጊዜ ገጠር በነበሩት እንደ ሃምፕስቴድ ባሉ ሰፈሮች አሮጌው አሠራር ረዘም ላለ ጊዜ ቀጥሏል። ሁለተኛው፣ የ1894 የሕንፃ ሕግ ደንቡን ስላላላው መስኮቶች እንደገና ወደ ፊት ወጡ፤ ስለዚህ ከገጽ እኩል የሆነ መስኮት ያለበትን ቤት ሲያገኙ አራት ረድፍ መለካቱን አይርሱ። 25 ወይም 30 ተኩል ማግኘትዎ የሁለት መቶ ዓመት ልዩነት አለው።

ከመስኮቱ በላይ ያለውን ቅስትም ሳያዩ አይለፉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤቶች ላይ ይህ ክፍል ከቀሪው ግድግዳ የቀላ ሆኖ ይታያል። ለዚህ የሚመረጠው አሸዋማና ለስላሳ ጡብ ነበር፤ ግንበኛው እያንዳንዱን ጡብ ቆርጦና በድንጋይ ላይ እየፈገፈገ እንደ ሽብልቅ ካሾለው በኋላ በቀጭን የኖራ ቅባት ያያይዘዋል። በቅርብ ሲታይ በጡቦቹ መካከል ያለው ነጭ መስመር ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህን ሥራ በስፒታልፊልድስ በሚገኘው በፎርኒየር ጎዳና፣ ከፈረንሳይ የተሰደዱ የሐር ሸማኔዎች በሰፈሩባቸው የ1720ዎቹ ቤቶች ላይ ከእግረኛ መንገዱ ሆነው ማየት ይችላሉ። በእኔ አስተያየት ለንደን ውስጥ ከዚህ የተሻለ የግንበኛ እጅ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው።

ቢጫው ጡብና ጥላሸቱ

ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ቀዩ ጡብ እየቀነሰ፣ ሎንደን ስቶክ የሚባለው ቢጫ ጡብ ከተማዋን ሞላት። ቢጫነቱ የሚመጣው ከሸክላው ጋር ከሚቀላቀለው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ከዚህም ሌላ ከከተማው ቤቶች የተጠረገው የምድጃ አመድና ያልተቃጠለ ፍም ተነፍቶ በጭቃው ውስጥ ይገባ ነበር፤ ጡቡ ሲቃጠል ይህ ፍም ከውስጥ ስለሚነድ የሚፈጀው ማገዶ ያንሳል። ብዙው የሚቃጠለው በቋሚ እቶን ሳይሆን ጥሬው ጡብ ከማገዶ ጋር ተከምሮ በሚሠራ ቁልል ውስጥ ነው። ከኬንት የቴምዝ ጀልባዎች ጡብ ጭነው ወደ ለንደን ይመጣሉ፣ ሲመለሱ ደግሞ የከተማውን አመድ ጭነው ይሄዳሉ። ለንደን የተሠራችው በከፊል ከራሷ ጥራጊ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጡቡን በቅርብ ሲመለከቱ የሚያዩት ጥቁር ነጠብጣብና ትናንሽ ቀዳዳ ያ ፍም የነበረበት ቦታ ነው፤ ይህን ካዩ እውነተኛውን ስቶክ አግኝተዋል።

ቢጫ ነው የተባለው ግድግዳ ጥቁር ሆኖ ቢያገኙት አይደናገሩ። የድንጋይ ከሰል ጭስ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል አጥቁሮታል። የጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ የሆነው የዳውኒንግ ጎዳና 10 ቁጥር ቤት ጥቁር ጡብ ይመስላል፤ ከ1958 በኋላ በተደረገው ትልቅ እድሳት ግን ጥቁሩ ጥላሸት፣ ከሥሩ ያለው ጡብ ደግሞ ቢጫ መሆኑ ታወቀ። ሕዝቡ በጥቁርነቱ ስለ ለመደው ከጸዳ በኋላ ጥቁር ቀለም ተቀባ። ከታኅሣሥ 1952ቱ ገዳይ ጭጋግ በኋላ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ስለ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ግድግዳዎች እንዲህ አልጠቆሩም። ግድግዳው ታጥቦ እንደ ሆነ ለማወቅ ዝናብ የማይደርስበትን የመስኮት ደፍ ሥርና የማዕዘን ስንጥቅ ይመልከቱ፤ ጥላሸት ከቀረ የሚቀረው እዚያ ነው።

ጡቡ በአጠቃላይ የማይታይባቸው ቤቶችም አሉ። በ1810ዎቹና 1820ዎቹ ጆን ናሽ በሪጀንትስ ፓርክ ዙሪያ ያሠራቸው፣ ከዚያም ቶማስ ኩቢት በቤልግሬቪያ የገነባቸው ረጃጅም ተከታታይ ቤቶች ድንጋይ እንዲመስሉ በስቱኮ ተለስነው በክሬም ቀለም ተቀብተዋል። በፕሪንስስ ጌት የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያለበት የቤቶች ረድፍም የዚህ ልማድ ተከታይ ነው። ለፓስፖርት ጉዳይ ሄደው ተራ ሲጠብቁ ፊቱን ድንጋይ ነው ብለው እንዳያልፉት፤ ከልስኑ ሥር ያለው ጡብ ነው።

ግብር፣ ባቡርና የኪንግስ ክሮስ ማዕዘን

ከአሜሪካ ጋር ለተደረገው ጦርነት የወጣውን ወጪ ለመሸፈን መንግሥት በ1784 በሺህ ጡብ 2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ግብር ጣለ። ግብሩ የሚቆጠረው በጡብ ቁጥር ስለ ነበር አምራቾች ጡቡን ማተለቅ ጀመሩ፤ በ1803 ደግሞ ታሪፉ ወደ 5 ሺሊንግ ሲያድግ ከመጠን ያለፈ ትልቅ ጡብ እጥፍ እንዲከፍል ተደረገ። ግብሩ የተነሣው በ1850 ነው። ግብሩ ተነሥቶ፣ የባቡር ሐዲድ ደግሞ ከሩቅ አውራጃ ጡብ በርካሽ ማምጣት ሲያስችል፣ ለንደን በአቅራቢያዋ ካለው ሸክላ ነጻ ወጣች፤ ቀለሟም ተለወጠ።

ይህን ለውጥ በአንድ ቦታ ቆሞ ለማየት ከዩስተን መንገድ ላይ ከኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ፊት ለፊት መቆም ይበቃል። በስተቀኝ በሉዊስ ኩቢት ተነድፎ በ1852 የተከፈተው ኪንግስ ክሮስ አለ፤ ሁለት ግዙፍ ቅስቶችና በመካከላቸው የሰዓት ማማ፣ ሁሉም በቢጫ ስቶክ፣ ጌጥ የሌለው። በስተግራ፣ መንገድ ብቻ ተሻግሮ፣ በጆርጅ ጊልበርት ስኮት ተነድፎ ከ1868 እስከ 1876 የተሠራው የሴንት ፓንክራስ ሆቴል ይታያል፤ ደማቅ ቀይ፣ ሾጣጣ፣ በድንጋይ ጌጥ የተዥጎረጎረ። በሁለቱ መካከል ሃያ ዓመት ያህል ብቻ አለ። የሴንት ፓንክራስ ባለቤት የነበረው የሚድላንድ የባቡር ኩባንያ ከእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል ተነሥቶ ወደ ዋና ከተማዋ የሚገባ ስለ ነበር፣ ከኖቲንግሃም ያስመጣው ቀይ ጡብ ከሕንፃነቱ ሌላ የኩባንያው ማስታወቂያም ነበር።

ወደ ሁለቱም ግድግዳዎች ይቅረቡና መጋጠሚያውን ያነጻጽሩ። የኪንግስ ክሮሱ ጡብ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ቀለሙ ከገለባ እስከ ቡና የሚለያይ፣ መጋጠሚያውም ወፈር ያለ ነው። የሴንት ፓንክራሱ ጡብ በማሽን የተጫነ፣ ጠርዙ የተሳለ፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት ሆኖ በመካከሉ ያለው መስመር ቀጭን ነው። ቀጭን መስመር የሚቻለው ጡቦቹ ሁሉ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው።

አሁን የሚድላንድን መንገድ ወደ ምዕራብ ይሻገሩ። በኮሊን ሴንት ጆን ዊልሰን የተነደፈውና በ1998 በይፋ የተመረቀው የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ በእጅ የተሠራ የሌስተርሸር ጡብ የፈጀ ሲሆን፣ ቀለሙ ከጎረቤቱ ከሴንት ፓንክራስ ጋር እንዲስማማ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። ከመቅደላ በ1868 ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ የሚገኙት ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነው፤ የሴንት ፓንክራስ ሆቴል ግንባታ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነበር።

ከጣቢያዎቹ ጀርባ ያለው የእህል መጋዘን፣ ዛሬ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ የሆነው፣ የዚያው የ1852 የኩቢት ሥራ ነው። መጋዘን ሲሠራ ማንም ሰው ስለ ፋሽን አይጨነቅም፤ ስለዚህ የዘመኑን ጡብ ያለ ማስዋቢያ ማየት ለሚፈልግ ከጣቢያው ይልቅ ይህ ይሻላል።

ከ1850 እስከ 1914፦ ቀለም የበዛበት ዘመን

ግብሩ በተነሣበት ዓመት ዊልያም ባተርፊልድ በማርጋሬት ጎዳና የጀመረው የቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ቀይ ጡብን በጥቁር ጡብ ዥጉርጉርና መቀነት እያስጌጠ አዲስ መንገድ ከፈተ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ተራ የሠራተኛ ቤት እንኳ በቢጫ ጡብ ላይ አንድ ሁለት ቀይ መስመር ሳያደርግ አልቀረም። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ቀዩ ጡብ ቴራኮታ ከተባለው ተቀርጾ ከተቃጠለ ሸክላ ጋር ተጣምሮ በኬንሲንግተንና በቼልሲ ነገሠ፤ በ1871 የተከፈተው የሮያል አልበርት አዳራሽ ከዚህ ወገን ነው። የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት የኦልድ ኒኮልን የድኾች ሰፈር አፍርሶ በአርኖልድ ሰርከስ ዙሪያ ያሠራቸውና በ1900 የተመረቁት አፓርታማዎችም በቀይና በቢጫ መስመር የተዥጎረጎሩ ናቸው፤ ለሠራተኛ የሚሠራ ቤት አስቀያሚ መሆን የለበትም የሚለው አሳብ በጡብ የተጻፈበት ቦታ ይህ ይመስለኛል።

የዚህ ዘመን ታላቁ የጡብ ሥራ ግን አይታይም። ጆሴፍ ባዛልጄት ከ1859 ጀምሮ ከመሬት በታች ለዘረጋው የፍሳሽ መስመር ወደ 318 ሚሊዮን ጡብ ፈጅቷል። ሥራው በውኃ ውስጥ የሚጠነክረውን ፖርትላንድ ሲሚንቶ በሰፊው ስላስለመደ፣ ከዚያ በኋላ በተሠሩ ግድግዳዎች ላይ ነጭና ለስላሳ የሆነው ኖራ ለግራጫና ጠንካራ ሲሚንቶ ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ። ይህ ለውጥ ወደ ኋላ ስለ ጥገና ስናነሣ ይጠቅመናል።

ጡብ ልብስ ሲሆን

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከፒተርቦሮ አካባቢ ፍሌተን የተባለ ርካሽ ጡብ መጣ። የአካባቢው ሸክላ በውስጡ የሚነድ ነገር ስላለው ለማቃጠል የሚያስፈልገው ከሰል ጥቂት ነበር። መልኩ ሮዝ ቀመስ ሆኖ ስለማያምር ብዙ ጊዜ በውስጥና በጓሮ ግድግዳ ይደበቅ ነበር፤ ቤትዎ ፊቱ ቀይ፣ ጓሮው ሮዝ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በዚሁ ዘመን የብረት አጥንት ያለው ሕንፃ ስለ መጣ ጡብ ክብደት መሸከሙን ትቶ ሽፋን ሆነ። የባተርሲና የባንክሳይድ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ይህን በግዝፈት ያሳያሉ። የሁለቱም የውጪ ገጽታ ነዳፊ ጋይልስ ጊልበርት ስኮት የሴንት ፓንክራሱ ስኮት የልጅ ልጅ ነው። ባንክሳይድ በ2000 ቴት ሞደርን የተባለ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፤ በ2016 የተጨመረለት አዲስ ክፍል 336,000 ጡቦችን በመካከላቸው ክፍተት እየተተወ እንደ ወንፊት በመደርደር የተሸፈነ ነው፤ ማታ ከውስጥ መብራት ሲበራ ጡብ ምንም እንደማይሸከም በግልጽ ይታያል።

ከ2010 ወዲህ የተሠሩት አፓርታማዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው። በዚያ ዓመት በከንቲባው ጽሕፈት ቤት የወጣው የመኖሪያ ቤት ንድፍ መመሪያ ገንቢዎችን ወደ ቀላል ቅርጽና ወደ ጡብ መልሷል፤ ወደ ውስጥ የገባ መስኮት፣ ቀጥ ያለ አናት፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ጡብ። ከሩቅ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ቤት ያስታውሳሉ። ለመለየት ሦስት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሚከፍል፣ በማስቲሽ የተሞላ ቀጥ ያለ መስመር ካለ አዲስ ነው፤ የድሮው የኖራ ግድግዳ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ራሱ ስለሚላወስ ይህ አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ከመስኮቱ በላይ ቅስት ሳይኖር ጡቡ በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሆኖ ከታየ ከኋላ ብረት ይዞታል። ሦስተኛ፣ ከእግርዎ አጠገብ በረድፎቹ መካከል ውኃ የሚያስወጣ ትንሽ ቀዳዳ ካለ ግድግዳው ድርብ ነው። አንዳንዶቹ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ቁራጭ የተለጠፈባቸው ናቸው፤ እውነተኛ ጡብ በማዕዘን ሲዞር በአንዱ በኩል ጎኑ በሌላው ጫፉ ይታያል፣ ልጥፉ ግን ማዕዘኑ ላይ ብዙ ጊዜ ይጋለጣል።

በሰኔ 2017 በግሬንፌል ታወር በተነሣው ቃጠሎ 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩ። እሳቱን ያዛመተው ከዓመት በፊት በሕንፃው ላይ የተገጠመው ተቀጣጣይ ሽፋን ነበር። በታኅሣሥ 2018 በእንግሊዝ ከ18 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው መኖሪያ ሕንፃዎች የውጪ ግድግዳ ላይ ተቀጣጣይ ነገር መጠቀም ተከለከለ። ከ1667 በኋላ እንደሆነው ሁሉ፣ የማይነድ ግድግዳ መፈለግ እንደገና የሕግ ጉዳይ ሆነ፤ ጡብም ከዚህ ሕግ አትርፏል።

የሚያሳስቱ ነገሮችና ማረጋገጫቸው

በ1940 እና በ1941 የወደቀው ቦምብ በብዙ ሰፈር የቤቶችን ረድፍ በጥሷል። በአንድ ዓይነት ቤቶች መካከል ጎን ብቻ የሚታይበት ግድግዳ ያለው ሕንፃ በድንገት ካገኙ ይህን ይጠርጥሩ፤ የተጠገነ ግድግዳም ብዙ ጊዜ ከፈረሰ ቤት በተለቀመ አሮጌ ጡብ ስለሚሠራ ቀለሙ ብቻ ምስክር አይሆንም። የተደፈነ መስኮት ሲያዩ ሁሉንም ከ1696 እስከ 1851 ለነበረው የመስኮት ግብር አይስጡት፤ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ለፊቱ ሚዛን ሲባል ዕውር ሆነው የተሠሩ ናቸው። የቤቱ ፊት አዲስ ሆኖ ጀርባው አሮጌ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ቤት ያላቸው ሰዎች ፊቱን ብቻ በጡብ ያስለብሱ ነበር። ስለዚህ በተቻለ መጠን ሕንፃውን በጎንና በጓሮ በኩል ይመልከቱ።

ግምትዎን ለማረጋገጥ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቅርስ መዝገብ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ሕንፃው የተመዘገበ ከሆነ ዘመኑ፣ የጡቡ ዓይነትና አደራደሩ ሳይቀር ተጽፎ ያገኙታል። ካልተመዘገበ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታተሙትን የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታዎች በየዘመኑ እያነጻጸሩ ቤቱ መጀመሪያ የታየበትን እትም መፈለግ ነው። መጀመሪያ ራስዎ ይገምቱ፣ መዝገቡን ከዚያ በኋላ ይክፈቱ፤ ዓይን የሚለመደው በዚህ ነው።

ቤቱ የራስዎ ከሆነና ለማደስ ካሰቡ፣ ከሁሉ በፊት ግንበኞቻችን ስትላቱራ የሚሉትን የመጋጠሚያ ሥራ ያስቡበት። በኖራ የተሠራ አሮጌ ግድግዳ የገባውን እርጥበት የሚያስወጣው በመጋጠሚያው በኩል ነው። በዚያ ላይ ጠንካራ ሲሚንቶ ከተሞላ ውኃው በጡቡ በኩል ለመውጣት ይገደዳል፤ ክረምት ሲመጣና በውስጡ ሲቀዘቅዝ የጡቡን ፊት ይልጠዋል። ፊቱ የረገፈ ጡብ በዙሪያው ግራጫና ጠንካራ መስመር ጎልቶ ከቀረ ይህ ስሕተት ተፈጽሞበታል። ሠራተኛ ከመቅጠርዎ በፊት በምን እንደሚሞላ ይጠይቁ፤ መልሱ ለአሮጌው ጡብ የሚስማማ የኖራ ድብልቅ ካልሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ መልኩን የሚለውጥ ማንኛውም ሥራ ከአካባቢው ምክር ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ስለሚያስፈልገው፣ አንድ ጡብ እንኳ ከመነካቱ አስቀድሞ ማመልከቻው መግባት ይኖርበታል።